የፖስታው ጀርባ

አንድ ደብዳቤ እንኳ ከፍቼ አላነበብኩም፤
ይህን መዝግቡልኝ፣ ሌላ አልጠየቅኩም።
ሙጫ በእንፋሎት መፍታት፣ በብርሃን ማሾለቅ
የነክናፔ ነበር፣ ከላይ ያለው ፎቅ።
እኔ ምድር ቤት ነኝ፤
አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ እርሳስ፣ አንድ መዝገብ ሰጡኝ።

ላይፕዚግ ላይ በረዶው ጥላሸት ይመስላል፤
ከሰል በሚነድበት አገር ነጩም ጠቁሮ ይወርዳል።
ጠዋት ጠዋት ስድስት ከረጢት ይመጣል።
ፊቱን አያለሁ፦ ለማን?
ጀርባውን አያለሁ፦ ከማን?
ቀን። ማኅተም። ሚዛን።
ከዚያ መልሼ ወደ ከረጢቱ፣ እንደታሸገ፣ ቃሉ ሳይባክን።

ከላይ ያሉት ሲበግኑ ሰማሁ አንድ ቀን ደረጃው ላይ፦
«ይኼ ክራውሼ የሚሉት የሂሳብ መምህር
የሚጽፈው ስለ ማርማላታ ነው፤ ስለ ስኳር፤
ስንት ኪሎ ፕሪም፣ ስንት ማንኪያ፣ ስንት ሰዓት እሳት ላይ፤
ሊቅ መጣ ከበርሊን፤ ሊቁም ተመለሰ ከፕሪም ሌላ ሳያይ።»

ሰሙ አልቀልጥ አለ፤ ወርቁም አልወጣ።
ወርቁን ማን ፈለገው?
የተፈለገው የአንጥረኛው ደጅ ነው፦ ማን ሄደ፣ ማን መጣ።

አንድ ሐሙስ አለቃዬ መዝገቤን ወስዶ፣
ነጭ ወረቀት ላይ መስመር በመስመር ሰዶ፣
ከክራውሼ ወደ ቄሱ፣ ከቄሱ ወደ ነርሷ፣
ከነርሷ ወደ ማተሚያ ቤቱ ልጅ፣ ከልጁም ወደ እሷ፤
ኦቲሊ ብሬንድል፤ ፒያኖ ቃኚ።
መስመሩ ሁሉ እሷ ደጅ ሲደርስ ቆመ፤
አለቃዬም እርሳሱን አስቀመጠ፣ እንደጠገበ ሰው ፈገገ፦
«እዪው፤ ቃል አያስፈልግም።
ወንዝ ወዴት እንደሚፈስ ለማወቅ ውሃው አይጠጣም።»

አውቃታለሁ። የልጄን ፒያኖ ቃኝታለች፤
ገንዘብ ሲያንሰኝ «በሌላ ጊዜ» ብላ ሄዳለች።

ያን ሌሊት አልተኛሁም።
ምን ብዬ ልጻፍላት? ቃል ገመድ ነው፤ ቃል አልጻፍኩም።
ፖስታ ገዛሁ፤ ውስጡ ምንም፣ ጀርባው ምንም፤
ፊቱ ላይ ብቻ ስሟን፣ በግራ እጄ።
ባዶ ፖስታ የደረሰው ሰው
የታየ መሆኑ ይገባዋል ብዬ፣
ትራም ይዤ ፕላግቪትስ ድረስ ሄጄ ጣልኩት።

በማግስቱ ከረጢቱ ሲዘረገፍ
ከሌሎቹ መሃል ሾልኮ መጣ ወደ እጄ።
ምድጃው ሦስት እርምጃ ነው። ብጥለው አይደርሳትም፤
ዘልዬው ባልፍ ቁጥሩ ይጎድላል፣ ከላይ ሲቆጥሩ አይምሩም።
ለማን? ጻፍኩ።
ከማን? እርሳሴ ቆመ።
«ያልታወቀ» አልኩ፣ በቀኝ እጄ።
ማኅተም፦ ፕላግቪትስ። ሚዛን፦ አራት ግራም።
አራት ግራም!
ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም
እንዲህ የከበደ ነገር መዝኜ አላውቅም።

ደረሳት። ገብቷት ኖሯል፤
ከሰኞ እስከ ዓርብ የክራውሼ ፖስታ የለ፣ የቄሱ የለ፣ የነርሷ የለ፤
ማርማላታውም ቀረ።
አምስት ሰው ባንድ ሳምንት ዝም ሲል
ዝምታውም ለካ ይመዘገባል።
አለቃዬ መጣ፤ ገጹን ገልጦ፣ ባዶውን መስመር ሁሉ ቆጥሮ፣
«አራት ግራም» ከሚለው ላይ ጣቱን ሰንቅሮ፣
«ማን ነው የነገራቸው?» አለ።
እኔን አይደለም የጠየቀው፤ መዝገቡን ነው።

በሳምንቱ ወሰዷት።
የወሰዷት እኔ ስላስጠነቀቅኳት ይሁን፣
ወይስ ድሮም ሊወስዷት፣ አላወቅኩም።
እናንተ ፋይሉን ከፍታችኋል፤ ካለ ንገሩኝ።
ከሌለም ንገሩኝ።

ፒያኖው ዛሬም ቤቴ አለ። ከመሃል አንዷ ድምፅ ወርዳለች፤
ልጄ ስትመጣ ትነካትና ፊቷን ታጨማድዳለች።
«ቃኚ ጥሪ እንጂ» ትለኛለች።
ስልኩን አነሳለሁ፤ ቁጥሩን እስከ ግማሽ እመታለሁ፤
ከዚያ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።